“አይጎረንንም” ተብሎ ሊሸጥ የነበረው ማጉያ

ባለፈው ሰሞን አንድ የሰፈሬ ልጅ ቤቴ ድረስ መጣ። በምሽት ክበብ ጊታር እየተጫወተ፣ በዚያችው ገቢ እናቱንና ታናሽ እህቱን የሚያስተዳድር ወጣት ነው። የመጣው ስለ ሙዚቃ ሊያወራኝ ሳይሆን የሽያጭ ውል እንድጽፍለት ነበር።

“ጋሼ፣ አምፑን ልሸጠው ነው። ገዢው ሰኞ ይወስደዋል፤ እባክዎ ውሉን ይጻፉልኝ” አለኝ።

“ቀብድ ተቀበልክ እንዴ?”

“ኧረ ገና ነኝ።”

እሰየው አልኩ በልቤ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን እተወዋለሁ ካለ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ መመለስ አለበትና።

“ለመሆኑ ዕቃው ምን ሆነ?”

“ድምፁ በጣም ንጹሕ ነው። ቢሉት ቢሠሩት አይጎረንንም። ከፍ ሳደርገው የክበቡ ባለቤት ይጮህብኛል፤ ዝቅ ሳደርገው እንደ ብርጭቆ ጥርት ይላል። ፔዳል ገዝቼ ብሞክረው ደግሞ የንብ ቀፎ የያዝኩ ነው የሚመስለው።”

የሕግ ሰው የሽያጭ ውል ሊጽፍ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዕቃው ምንድን ነው፣ ጉድለትስ አለበት ወይ ብሎ ነው። ሄጄ አየሁት። አጎቱ ከዋሽንግተን የላከለት ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ነው። የ1965ቱን ሞዴል ተከትሎ በኋላ ዘመን በድጋሚ የተሠራ፣ ባለ ቫልቭና ባለ ሁለት ስፒከር ማጉያ። ጉድለት አላገኘሁበትም። እንዲያውም የተፈጠረበትን ሥራ በትክክል እየሠራ ነበር። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ይኼኔ ነው።

ውሉን ሳልጽፍ ቀረሁ። እኔም በወጣትነቴ ጊታር ነካክቻለሁና ሁለት ቅዳሜ ከልጁ ጋር ማጉያው ፊት ተቀምጠን ስንሞክር ዋልን። ከዚያ የተማርነውንና ቀድሞም የማውቀውን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ እላለሁ። ፍሬ ነገሩን ካሁኑ ልናገር፦ የጥሩ ጎርናና ድምፅ ምስጢር አንድ ቦታ ላይ ብዙ ማጎርነን ሳይሆን፣ ብዙ ቦታ ላይ ጥቂት ጥቂት ማጎርነን ነው። የቀረው ዝርዝር ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ንጹሕነቱ ከየት መጣ?

ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያዋ ፉለርተን ከተማ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 በስሙ የሚጠራውን የጊታርና የማጉያ ድርጅት አቋቋመ። እርሱ ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር፤ ነገር ግን የተጫዋቾችን አቤቱታ ጆሮ ሰጥቶ ይሰማል። የዚያ ዘመን ተጫዋቾች አቤቱታ ደግሞ አንድ ነበር፦ “ከበሮውና ጡሩምባው ሲያይል ማጉያው ድምፄን ያበላሽብኛል፤ ንጹሕ ሆኖ የሚጮህ ሥራልን።” ፌንደር ዓመት በዓመት ወደዚያው ሲገሰግስ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ትዊን ሪቨርብን አወጣ። 85 ዋት፣ አራት 6ኤል6 የሚባሉ ኃይል ሰጪ ቫልቮች፣ ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች አሉት።

ያ ሁሉ ኃይል ለጩኸት ብቻ አይደለም። ጣሪያው ከፍ ያለ ቤት ውስጥ ረጅም ሰው ሳይጎነብስ እንደሚቆም ሁሉ፣ ትልቅ ሞገድም እዚህ ማጉያ ውስጥ ጣሪያ ሳይነካ ያልፋል። ድምፅ የሚጎረንነው ጣሪያውን ሲነካ ነው። ልጁ በሚጫወትበት ጠባብ ክበብ ውስጥ ማዞሪያውን 3 ላይ አድርጎ ጣሪያው ዘንድ መድረስ የማይታሰብ ነው።

ሌሎች ሁለት ምክንያቶችም አሉ። አንደኛው የቃና ማስተካከያው ነው። ትሬብል፣ ሚድል እና ቤዝ የተጻፈባቸው ማዞሪያዎች ያሉበት ክፍል ከመካከለኛው ድምፅ ብዙውን ይቀንሳል። ለንጹሕ ድምፅ ይህ መልካም ነው፤ ጥራትና ድምቀት ይሰጣል። የጎርናና ጊታር ጡንቻ ግን ያለው እዚያው መካከለኛው ላይ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ማጉያው ራሱን የሚያርምበት መስመር ነው። ወደ ስፒከር ከሚወጣው ድምፅ ጥቂቱ ተመልሶ ወደ ኋላ ይገባና የተዛባውን ያቃናል። ይህ እርማት ድምፁን እስከ መጨረሻው ንጹሕ አድርጎ ያቆየዋል፤ ጣሪያው ሲነካ ግን ለውጡ ድንገተኛ ይሆናል።

መጎርነን ማለት ምን ማለት ነው?

ቫልቭ ማለት አየር የወጣለት የመስታወት ብልቃጥ ነው። በውስጡ ካቶድ የተባለው ክፍል ሲግል ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ አኖድ የተባለው ክፍል በከፍተኛ ቮልቴጅ ይስባቸዋል። በመካከላቸው ግሪድ የሚባል ወንፊት አለ። ይህን ወንፊት እ.ኤ.አ. በ1906 የጨመረው አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት ነው። ግሪዱ እንደ በር ጠባቂ ነው። ከጊታር የመጣችው ደካማ ምልክት በሩን ከፈት መለስ ታደርጋለች፤ በበሩ የሚያልፈው ብዙ ኤሌክትሪክ የእርሷን ቅርጽ ይዞ ይወጣል። ማጉላት ማለት ይኸው ነው።

በር ግን ከሙሉ በላይ አይከፈትም፤ ከተዘጋም በኋላ ይበልጥ አይዘጋም። ምልክቷ ከአቅም በላይ ስትሆን የሞገዱ ጫፍና ግርጌ ይቆረጣል። የተቆረጠ ሞገድ ደግሞ ቀድሞ ያልነበሩ ከፍተኛ ድምፆችን ይወልዳል። እነዚህ ናቸው ቃናውን ሻካራና ወፍራም የሚያደርጉት። ጥሩ ቫልቭ ጫፉን በመጋዝ እንደመቁረጥ ሳይሆን ቀስ በቀስ ያጎብጠዋል፤ ስለዚህ ጆሮ አይቆረቁርም። ሌላም ጥቅም አለው። ጠንካራው ምት ጣሪያ ስለሚነካ ከዚያ በላይ አይጮኽም፤ እየደከመ የሚሄደው ድምፅ ግን ጣሪያው ሥር እስካለ ድረስ የደከመ አይመስልም። የተመታው ክር ለረጅም ጊዜ የሚያዜመው ለዚህ ነው።

እኛ ለዚህ ጆሮ ባዕድ አይደለንም። በገና ላይ በክሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ የምንላት፣ ሥራዋ ድምፁን ማጎርነን ነው። እንዚራዋ ካልተስተካከለች በገናው በገና አይሆንም። ደርዳሪው እንዚራዋን በጥንቃቄ ፈቀቅ እያደረገ እንደሚያስተካክል ሁሉ ጊታር ተጫዋቹም መጠኑን መፈለግ አለበት።

መጠን ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ሁለትና ከዚያ በላይ ክሮች አብረው ሲመቱ ከተቆረጠው ሞገድ የሚወለዱት ድምፆች የክሮቹ ልጆች ብቻ አይደሉም፤ የክሮቹ ድምርና ልዩነት የሆኑ፣ ከዜማው ጋር የማይስማሙ ዲቃላዎችም አብረው ይወለዳሉ። ልጁ “የንብ ቀፎ” ያለው እነዚህን ነው። ለአንድ ክር ዜማ የሚበቃ መጎርነን ለሙሉ ኮርድ ጭቃ ይሆናል። በትዝታ ወይም በአንቺሆዬ ቅኝት አንድ አንድ ክር እየነካ የሚጫወት ሰው ብዙ ሊያጎረንን ይችላል፤ ስድስቱንም ክር የሚደረድር ሰው መቀነስ አለበት።

በአደጋ የተገኘ ሀብት

የሚገርመው፣ ይህ ድምፅ ሲጀመር እንደ ብልሽት የታየ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ሜምፊስ ውስጥ በሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ “ሮኬት 88” ሲቀዳ የጊታር ተጫዋቹ የዊሊ ኪዛርት ማጉያ በመንገድ ላይ ተጎድቶ ነበር፤ የተሻከረው ድምፅ እንዳለ ተቀዳ። በ1960ዎቹ መባቻ ናሽቪል ውስጥ የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ሲቀዳ የመቅጃው አንድ መስመር ተበላሽቶ የግሬዲ ማርቲንን ጊታር አጎረነነው፤ ከዚያ ብልሽት በመነሣት ማኤስትሮ ፈዝ ቶን የተባለው ፔዳል በ1962 ለገበያ ቀረበ። በ1964 የኪንክሶቹ ዴቭ ዴቪስ የትንሽ ማጉያውን ስፒከር በምላጭ ሰነጠቀው።

ከሁሉ በላይ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው የለንደኑ የጂም ማርሻል ታሪክ ነው። ከበሮ መቺና የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴ የነበረው ማርሻል በ1962 ከባልደረቦቹ ጋር የመጀመሪያውን ማጉያ ሲሠራ መነሻ ያደረገው የፌንደርን ባስማን ነበር። ዛሬ “የሮክ ድምፅ” የሚባለው የማርሻል ድምፅ አያቱ ፌንደር ነው ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰው እንደሚያስበው የሰማይና የምድር አይደለም።

መዝገቡ በየደረጃው ሲያልፍ

የጊታር ምልክት ከክሩ ተነሥታ ጆሮ እስክትደርስ የምታልፍባቸውን ደረጃዎች እንደ ፍርድ ቤት እርከን ማየት ይቻላል። ጊታሩ መጀመሪያ ደረጃ፣ ፔዳሉ ከፍተኛ፣ የማጉያው ፊተኛ ቫልቮች ጠቅላይ፣ ኃይል ሰጪዎቹ ቫልቮችና ስፒከሩ ሰበር ናቸው እንበል። በታችኛው ፍርድ ቤት የተዝረከረከ መዝገብ ወደ ላይ ሲወጣ ዝርክርክነቱን ይዞ ነው የሚወጣው። እንዲያውም በየደረጃው ይባባሳል። ስለዚህ ከታች እንጀምር።

አንደኛ፣ ጊታሩ። ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ያላቸው እንደ ስትራቶካስተር ያሉ ጊታሮች ደካማ ምልክት ይሰጣሉ፤ የኤሌክትሪክ መስመር እምታም ይሰበስባሉ። ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ለጊብሰን የሠራው ባለ ሁለት ጥቅሉ ሃምበከር እምታውን የሚያጠፋና ምልክቱ የሚበረታ ነው፤ ማጉያውን ቶሎ ወደ ጣሪያው ይገፋዋል። ግን ጊታር መለወጥ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የጊታሩን የድምፅ ማዞሪያ መጠቀም ነው። የእኛ ልጅ ሁልጊዜ 10 ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ሙሉ ኮርድ ሲመታ ወደ 6 ወይም 7 ዝቅ፣ ለሶሎ ሲነሣ ወደ 10 ከፍ እንዲያደርግ ነገርኩት። በአንድ ቅንብር ሁለት ድምፅ አገኘ። ማዞሪያው ሲቀንስ ድምፁ ከደበዘዘ፣ ማዞሪያው ላይ ትንሽ ካፓሲተር የሚያስገባ ባለሙያ መፍትሔ ይሰጠዋል። ቀሪው የእጅ ጉዳይ ነው። ለስላሳ ምት ንጹሕ፣ ጠንካራ ምት ጎርናና ሲሆን ማጉያው እጅን እየሰማ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ፔዳሉ። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል፤ ምክንያቱም አራት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። ቡስት ድምፁን ሳይለውጥ ምልክቷን ብቻ ያበረታል። ኦቨርድራይቭ ጫፏን ለስለስ አድርጎ ያጎብጣል። ዲስቶርሽን ጫፏን አጥብቆ ይቆርጣል። ፈዝ ሞገዱን ወደ አራት ማዕዘን አስጠግቶ ያፈርሰዋል። ልጁ የገዛው ዲስቶርሽን ነበር፤ ማዞሪያውንም እስከ ጥግ ወስዶታል። ይህ ሁሉ መቆረጥ በንጹሕ ማጉያ ውስጥ ሲያልፍ ማጉያው አንዲት ነገር ሳይደብቅ አውጥቶ ያሳየዋል። ንጹሕ ማጉያ ሐቀኛ ምስክር ነው፤ ያየውን ይናገራል።

ለዚህ ዓይነት ማጉያ የሚስማማው ኦቨርድራይቭ ነው። ከታወቁት አንዱ በ1970ዎቹ መጨረሻ የወጣው የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር ነው። ከመጎርነኑ በፊት ቤዙን ይቀንሳል፣ በ720 ኸርዝ አካባቢ ያለውን መካከለኛ ድምፅ ያጎላል። ማለትም ፌንደር የቀነሰውን መልሶ ይሞላል። ሁለቱ የሚስማሙት ለዚህ ነው።

አንድ በብዛት የሚሰጥ ምክር ግን ጠንቀቅ ይበሉበት። “የፔዳሉን ድራይቭ ዜሮ፣ ሌቭሉን ሙሉ አድርግ” ይባላል። ምክሩ ልክ የሚሆነው ማጉያው ቀድሞውኑ ጣሪያው አጠገብ ሲደርስ ነው። እንደ ስቲቪ ሬይ ቮን ያሉ ተጫዋቾች ማጉያዎቻቸውን በከፍተኛ ድምፅ እየነዱ ነበር ፔዳሉን የሚረግጡት። 3 ላይ ለተቀመጠ የ85 ዋት ማጉያ ይኸው ቅንብር ድምፁን ከማስጮህ በቀር አንዳች አያጎረንንም። በዝቅተኛ ድምፅ የሚጫወት ሰው ሥራውን ለፔዳሉ መስጠት አለበት፦ ድራይቩን ወደ ግማሽ፣ ሌቭሉን ደግሞ ፔዳሉ ሲበራና ሲጠፋ የድምፁ መጠን እኩል እስኪሆን።

ከአንድ ጠንካራ ፔዳል ሁለት ለስላሳ ፔዳሎች ይሻላሉ። የመጀመሪያው ድራይቭ ሩብ ላይ፣ የሁለተኛው ሲሶ ላይ ይሁን። እያንዳንዱ ጥቂት ስለሚያጎብጥ ድምሩ ወፍራም እንጂ ጭቃ አይሆንም። ቅደም ተከተልም ዋጋ አለው። ቡስት ከኦቨርድራይቭ በፊት ሲገባ መጎርነኑን ይጨምራል፤ ከኋላው ሲገባ ማጉያው ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ድምፁን ይጨምራል። ለሶሎ ከባንዱ በላይ መሰማት የሚፈልግ ከኋላ ያስገባው። ዲሌይ ካለ ከሁሉም በኋላ ይሁን፤ አለዚያ ማሚቶው አብሮ ጎርንኖ ይተራመሳል።

ሦስተኛ፣ የማጉያው ማዞሪያዎች። የልጁን ማጉያ ሳይ ብራይት የተባለው ማብሪያ ተከፍቷል፣ ትሬብሉ 8፣ ሚድሉ 3፣ ቤዙ 7 ነበር። ለንጹሕ ድምፅ ግሩም ነው፤ ለፔዳል ግን መርዝ። ብራይቱን አጠፋን። ትሬብሉን 4፣ ሚድሉን 7፣ ቤዙን 3 አደረግን። ሚድሉ ሲጨምር ቃናው ከመሙላቱ ሌላ ወደሚቀጥለው ቫልቭ የሚደርሰው ምልክትም ይበረታል። ቤዝ የተቀነሰበት ምክንያት ደግሞ ዝቅተኛ ድምፆች ሲጎረንኑ እንደ ፈሰሰ አጥሚት ስለሚዝረከረኩ ነው። ደንቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልበለው፦ ቤዝን ከመጎርነኑ በፊት ቀንስ፣ ከጎረነነ በኋላ ጨምር። ሪቨርቡም ከ2 አይብለጥ።

ታናሽ ወንድሙን ዴሉክስ ሪቨርብን የያዙ ሰዎች ሥራቸው ይቀላል። 22 ዋት፣ ሁለት 6ቪ6 ቫልቮች፣ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ስላለው ቶሎ ይጎረንናል። ሚድል ማዞሪያ ግን የለውም፤ ስለዚህ መካከለኛውን ከፔዳሉ መፈለግ ግድ ይላል። ቫይብራቶ የተባለው መስመር ለፔዳል ከበዛበት ኖርማል የተባለውን ይሞክሩት፤ ጠቆር ያለና ለስላሳ ነው።

አራተኛ፣ ኃይል ሰጪዎቹና ስፒከሩ። “ትንሽ ዋት ያለው ማጉያ ብገዛ ጩኸቱ ይቀንሳል” የሚል ሰው ይህን ስሌት ይይ። ኃይል በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ “በግማሽ ቀነሰ” እንዲል 10 ዴሲቤል ያህል፣ ማለትም ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ መውረድ አለበት። ስለዚህ ከ85 ወደ 22 ዋት መውረድ 6 ዴሲቤል ገደማ ነው። ለውጥ አለው፤ ነገር ግን ማጉያ የሚያስሸጥ አይደለም።

ኃይል ሰጪዎቹን በእውነት ማጎርነን የሚፈልግ አቴኑዌተር የሚባል ሣጥን አለለት። በማጉያውና በስፒከሩ መካከል ገብቶ ትርፉን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጣል። ኦሙ ከማጉያው ጋር መግጠም አለበት፦ ለትዊን 4 ኦም፣ ለዴሉክስ 8 ኦም። ብዙ ሲታፈን ግን ስፒከሩ ስለማይገፋ ድምፁ ይሞታል፤ ቫልቮቹም ሙሉ እየሠሩ ስለሆነ ቶሎ ያረጃሉ።

ከትዊን አራት ቫልቮች ሁለቱን የማውጣት ዘዴም አለ። የሚወጡት ሁለቱ ዳርና ዳር ያሉት ወይም ሁለቱ መካከለኞች ናቸው። ከሁለቱ ስፒከሮች አንዱ አብሮ ሲነቀል ጭነቱ ከ4 ወደ 8 ኦም ስለሚሄድ ሚዛኑ ይጠበቃል። የቀረው ስፒከር ብቻውን ሸክሙን የሚችል መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህን ለባለሙያ ይስጡት። ትርፉም 3 ዴሲቤል መሆኑን አይርሱ። እንደዚሁ ስፒከር ለመቀየር የሚያስብ ሰው የስፒከሮቹን አቅም ይደምር። ሁለት ባለ 25 ዋት ስፒከሮች ቶሎ የሚጎረንኑና የሚወደዱ ቢሆኑም ድምራቸው 50 ነው፤ 85 ዋት ያቃጥላቸዋል።

በመጨረሻም ማጉያውን ከወለል አንሥተው ወንበር ላይ ያድርጉት። የስፒከር ከፍተኛ ድምፆች እንደ ባትሪ ብርሃን ፊት ለፊት ነው የሚሄዱት። ማጉያው እግሩ ሥር የሆነ ተጫዋች ትሬብል እየጨመረ ይሄዳል፤ የሚቆረቆረው ግን ፊት ለፊት የተቀመጠው ታዳሚ ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ማጉያና የእኛ መስመር

በዚህ ላይ ቀልድ የለም። የአሜሪካ ማጉያ የሚሠራው በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ ነው። የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከዘመድ የተላከ ማጉያ ሶኬቱ ተቀይሮ በቀጥታ ሲሰካ ፊውዙ ከተቃጠለ ዕድለኛ ነዎት፤ ካልሆነ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልቴጅ ያንብቡ። ከ220 ወደ 120 የሚያወርድ፣ አቅሙ ለትዊን 500 ዋት የሆነ እውነተኛ ትራንስፎርመር ይጠቀሙ። የመሬት መስመሩን ሦስተኛ እግር ቆርጦ መጣል ደግሞ በነፍስ መቀለድ ነው።

ማታ ማታ መስመሩ ሲወርድ ማጉያው ለስለስ ማለቱን ልብ ያሉ ተጫዋቾች አሉ። ቮልቴጅ ሲቀንስ ጣሪያውም ዝቅ ይላልና ትክክል ናቸው። ኤዲ ቫን ሄለን ሆን ብሎ ቮልቴጁን በቫሪያክ እያወረደ ይጫወት ነበር። እርስዎ ግን አያድርጉት፤ የቫልቮቹ ማሞቂያም አብሮ ስለሚወርድ ይጎዳቸዋል።

ማጉያው ስፒከር ሳይገናኝለት በፍጹም አይብራ፤ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ኃይል ሰጪ ቫልቮች ሲቀየሩ ባያሱ በባለሙያ ይለካ። ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ይህ ሰው የሚገድል ነው። ክዳኑን አውልቆ “እስቲ ልየው” ማለት አያስፈልግም።

ጎረቤትና ጆሮ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት በንብረቱ ሲጠቀም ከመልካም ጉርብትና ልክ ባለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይደነግጋል። ጊታር የሚባል ቃል የለበትም፤ ድምፅ የሚል ግን አለበት። “ቫልቩ የሚጥመው ሲጮህ ነው” የሚለው መከራከሪያ ችሎት ፊት የሚያስኬድ አይመስለኝም።

የጆሮ ሕግ ግን ይግባኝ የለውም። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም 85 ዴሲቤል ድምፅ ለ8 ሰዓት፣ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ እንዲቀንስ ይመክራል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል የሚፈቀደው ለ15 ደቂቃ ነው። ትዊን ጣሪያው ሲነካ በጠባብ ክፍል ውስጥ ከዚህ በላይ ይሄዳል። ማጉያ ይተካል፤ ጆሮ አይተካም። በዝቅተኛ ድምፅ በፔዳል መሥራት የድሃ ምርጫ ሳይሆን የአስተዋይ ምርጫ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ቅደም ተከተሉ ባጭሩ

እቤቱ የሚሞክር ሰው እንዲህ ይጀምር። 1ኛ፣ ፔዳል ሁሉ ይጥፋ፤ ብራይት ይጥፋ፤ ትሬብል 4፣ ሚድል 7፣ ቤዝ 3፣ ሪቨርብ 2። 2ኛ፣ የማጉያው ድምፅ ቤቱና ጎረቤቱ እስከቻሉት ከፍ ይበል። 3ኛ፣ አንድ ኦቨርድራይቭ ይብራ፤ ድራይቩ ሩብ ላይ፣ ሌቭሉ እኩል ይሁን። 4ኛ፣ ኮርድ ይመታ። እያንዳንዱ ክር ለየብቻ እስከተሰማ ድረስ ድራይቩ ይጨመር፤ መለየት ሲያቅት ትንሽ ይመለስ። 5ኛ፣ አሁንም ካነሰ ሁለተኛ ለስላሳ ፔዳል ይጨመር እንጂ የመጀመሪያው አይገፋ። 6ኛ፣ የቀረው ሁሉ በጊታሩ ማዞሪያና በእጅ ይሠራ። ከባንድ ጋር ሲጫወቱ ብቻቸውን ካሉበት ድራይቩን ጥቂት ይቀንሱ፣ ሚድሉን ጥቂት ይጨምሩ፤ ብቻ ሲሆኑ የሚያምር ቃና ከበሮና ቤዝ ሲገቡ ይዋጣልና።

የሰፈሬ ልጅ ዲስቶርሽኑን ለጓደኛው አውሶ በምትኩ አሮጌ ኦቨርድራይቭ ተዋሰ። ለአዲስ ማጉያ ያወጣው የነበረው ገንዘብ በእጁ ቀረ። ባለፈው ዓርብ ሄጄ ሰማሁት። የድሮ ዘፈን እየተጫወቱ ነበር፤ በመሐል የጊታሩን ማዞሪያ በትንሽ ጣቱ ከፍ ሲያደርጋት ማጉያው እንደ ጎልማሳ ዘፋኝ ጉሮሮ ጎረነነ። የክበቡ ባለቤት ያን ምሽት አልጮኸበትም። የጀመርኩት ውል መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ሻጭና ገዢ የሚለው ላይ ስም አልተጻፈበትም።

ቸር ሰንብቱ።